ሞላ ወይም ባሌስትራ ስትቀይሩ አሞርዛተሩን እንዴት እንደምታመጣጥኑ

"ባሌስትራ አስጨመርኩ፣ አሁን ባዶውን ስነዳው እየነጠረ አስቸገረኝ፤ ምን ይሻላል?" ይህ ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ሌላው ደግሞ ተቃራኒውን ይዞ ይመጣል፤ ገበያ ላይ አለ የተባለውን ጠንካራ አሞርዛተር ገዝቶ መኪናው ወገቡን አወለቀው። ችግሩ አንድ ነው። ሞላውና አሞርዛተሩ አልተመጣጠኑም። መልሱን በየጊዜው በቁርጥራጭ ከምጽፍ እዚህ ከነቁጥሩ ላስቀምጠው።

በመጀመሪያ ማን ምን እንደሚሠራ እንለይ። ክብደት የሚሸከመው ሞላው (የተጠቀለለው የብረት ሽቦ) ወይም ባሌስትራው (ተደራራቢው የብረት ቅጠል) ነው። ጉድጓድ ሲገጥማችሁ ይጨመቅና ጉልበት ያጠራቅማል፣ ከዚያ መልሶ ይገፋል። አሞርዛተሩ ክብደት አይሸከምም ማለት ይቻላል። ሥራው ያ የተጠራቀመው ጉልበት መኪናውን ወደ ላይና ወደ ታች እንዳያመላልሰው ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ወደ ሙቀት መቀየር ነው። ረጅም ኮሮኮንች ነድታችሁ ወዲያው ብትነኩት የሚያቃጥላችሁ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሞላው ሲጠነክር የሚመልሰው ጉልበት ይጨምራል፣ የሚረግበው ጉልበትም መጨመር አለበት። ጥያቄው በምን ያህል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኩል በእኩል አይደለም። አሞርዛተሩ የሚጠነክረው በሞላው ለውጥ ስኩዌር ሩት ነው። ሞላው 20 በመቶ ቢጠነክር አሞርዛተሩ 10 በመቶ ገደማ ይበቃዋል። 50 በመቶ ቢጠነክር 22 በመቶ። ሞላው እጥፍ ቢሆን እንኳ አሞርዛተሩ የሚፈልገው 41 በመቶ ጭማሪ ነው። "ሞላውን በጣም ስላጠነከርን አሞርዛተሩንም በጣም" የሚለው ሒሳብ ወገብ የሚያወልቀው ለዚህ ነው።

ምሳሌዬን በደብል ጋቢና ፒክአፕ የኋላ ባሌስትራ ላይ አደርጋለሁ፣ የሚበዛው ጥያቄ ከዚያ ስለሚመጣ። ጥቅል ሞላ ላለው የቤት መኪናም ዘዴው ያው ነው። የሚለየውን ቦታው ላይ እናገራለሁ።

የሚያስፈልጋችሁ

- ሜትር፣ ሚሊሜትሩ በደንብ የሚነበብ
- እስክሪብቶና ወረቀት
- ልኩ የታወቀ ክብደት። 4 ከረጢት ሲሚንቶ ጥሩ ነው፣ እያንዳንዱ 50 ኪሎ
- ቪዲዮ በዝግታ የሚቀርጽ ስልክ
- ክሪክ፣ የብረት መደገፊያዎችና ታኮ
- ቁልፎች፣ ከተቻለ ማጥበቂያ ልክ የሚያሳይ ቶርክ ቁልፍ
- የጎማ ንፋስ መለኪያ
- ለጥቅል ሞላ፦ ካሊፐርና ጤነኛ የሞላ መጭመቂያ
- የሚረዳችሁ አንድ ሰው

ከመጀመራችሁ በፊት ተጠንቀቁ

ክሪክ ብቻውን ከደገፈው መኪና ስር አትግቡ። መደገፊያ አድርጉ፣ የቀሩትን ጎማዎች በታኮ ያዙ።

የፊት አሞርዛተሩ ሞላውን ታቅፎ የሚቆም ዓይነት ከሆነ ሞላው በመጭመቂያ ሳይያዝ የላይኛውን ዳዶ ፈጽሞ አትፍቱ። ታፍኖ ያለው ጉልበት ሰው ይገድላል። መጭመቂያው ጥርሱ ያለቀ ወይም የተጣመመ ከሆነ ሥራውን ለጋራዥ ስጡት።

ጋዝ ያለውን አሞርዛተር አትብሱ፣ አትበይዱ፣ እሳት አታስጠጉ። ሞላንም በእሳት አሙቃችሁ አታሳጥሩ፤ ብረቱ የተሰጠውን ጥንካሬ ያጣና ወይ ይሟሽሻል ወይ ይሰበራል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ባሌስትራ መጨመር ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የጭነት ልክ አይጨምርም። ፍሬኑ፣ አክስሉ፣ ጎማውና ሻንሲው እንደነበሩ ናቸው።

1. አሁን ያለው አሞርዛተር ጤነኛ መሆኑን እዩ

ከሁሉ በፊት ይህን። አቧራ የጋገረ እርጥብ ዘይት ሲወርድበት ካያችሁ አልቋል። በስሱ ላብ የመሰለ ብቻ ከሆነ ግን ወዲያው አትፍረዱበት። የላይና የታች ጎሚኒዎቹን በእጅ ወዝውዟቸው፣ ከላሉ ወይም ከተሰነጠቁ አሞርዛተሩ ጥሩ ቢሆን እንኳ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊሜትሮች ላይ ሥራ አይሠራም።

ለምን? ያረጀ አሞርዛተር ከለስላሳ ሞላ ጋር ችግሩን ደብቆ ይኖራል። ሞላው ሲጠነክር ነው የሚጋለጠው። ብዙ ጊዜ "ባሌስትራው አበላሸብኝ" የሚባለው መኪና አዲስ የፋብሪካ ልክ አሞርዛተር ቢደረግለት ግማሽ መንገድ ይድናል።

2. መነሻውን ለኩ

ሜዳ ላይ አቁሙት። የጎማውን ንፋስ አስተካክሉ። ሚዛን እንዳያፋልስ ውስጡ ያለውን ዕቃ አውጡ። የፊት ጎማዎችን በታኮ ያዙና የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፤ ፍሬን የተያዘ ጎማ መኪናው በነፃነት ዝቅ ከፍ እንዳይል ያደርገዋል። ጓደኛችሁ የኋላውን ጥቂት ጊዜ ወዝወዝ ያድርገው፣ የባሌስትራው ፍትጊያ እንዲለቅ። ከዚያ ከቸርኬው መሐል ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። በግራም በቀኝም።

ከመሬት አትለኩ። ከመሬት ከለካችሁ የጎማው መጨፍለቅ ይገባበታል፣ ከቸርኬው መሐል ከሆነ ግን የሞላው ብቻ ነው የሚታየው።

3. ጭነህ ለካ

4ቱን ከረጢቶች በትክክል ከአክስሉ በላይ ደርድሩ፣ 2 በግራ 2 በቀኝ። እንደገና ወዝወዝ አድርጋችሁ ለኩ። ልዩነቱን ጻፉ። የግራና የቀኙን ደምራችሁ ለ2 አካፍሉ። ለምሳሌ 40 ሚሊ ወረደ እንበል።

ይህች ቁጥር ወርቅ ናት። 200 ኪሎ ለሁለት ጎማ ሲካፈል ለአንዱ 100 ኪሎ ነው፣ ያም 981 ኒውተን። ለ40 ሚሊ ስታካፍሉት በአንድ ጎማ 24.5 ኒውተን በሚሊሜትር ይመጣል። ግን እውነቱን ለመናገር ኒውተኑ ግድ አይላችሁም፣ ወደፊት የምንጠቀመው የወረደበትን ልክ ብቻ ነው። ልኬቱ ጎማው ላይ ስለሆነ የአክስሉ ጂኦሜትሪም ራሱ ተካትቶ ይመጣል፣ ለብቻው ማስላት አያስፈልግም።

ጭነቱን ከአክስሉ ወደ ኋላ ካሸሻችሁት ፊቱ ተነስቶ የኋላው ከልኩ በላይ ይወርዳል። የቤት መኪና ከሆነና የኋላ ዕቃ መጫኛው ከአክስሉ ኋላ ከቀረ፣ ከረጢቱን ወደ መቀመጫው ጀርባ አስጠግታችሁ ቦታውን ምልክት አድርጉ፤ ሁለተኛውም ልኬት እዚያው ላይ ይሁን።

4. መርገቡን ቅረጹ

ጭነቱን አውርዱ። ፓራፋንጎው ላይ ሜትሩን በፕላስተር ለጥፉ፣ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፋችሁ በትይዩ አስቀምጡ። ሁለት ሰው ሆናችሁ የኋላውን ፓራውርት በምት እየተጫናችሁ ወዝውዙት፣ ወደ ታች ሲወርድ ድንገት ልቀቁ። ቪዲዮውን ቀስ አድርጋችሁ እዩ፦ ከመቆሚያው (ሳይነካ ሲቆም ካለበት ከፍታ) በታች ስንት ሚሊ ወረደ? ተመልሶ ከመቆሚያው በላይ ስንት ሚሊ አለፈ?

40 ሚሊ ወርዶ ከመቆሚያው በላይ 21 ሚሊ ካለፈ አሞርዛተሩ ደካማ ነው። 10 ሚሊ ገደማ ከሆነ ለዘወትር መኪና ደህና ነው። 6 ወይም 7 ሚሊ ጠበቅ ያለ ነው። ምንም ሳያልፍ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ወይ አሞርዛተሩ ከመጠን በላይ ጠንካራ ነው፣ ወይ ባሌስትራው ዝጎ ተጣብቋል። የባሌስትራ ፍትጊያ ቁጥሩን ስለሚያሳንሰው ይህን ቪዲዮ ከሌላ መኪና ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር አወዳድሩት፣ በፊትና በኋላ።

5. ሞላውን ወይም ባሌስትራውን ቀይሩ፣ ከዚያ 3ኛውን ድገሙ

ያው ከረጢት፣ ያው ቦታ። አሁን የወረደው 30 ሚሊ ነው እንበል። አስቀድማችሁ ቀይራችሁ ከሆነስ? ያልተነካ አንድ ዓይነት መኪና ያለው ወዳጅ ፈልጉና የእሱን ለኩ።

ጥቅል ሞላ ገና ልትገዙ ከሆነ ሱቁ ላይ በካሊፐር ማወዳደር ትችላላችሁ። የሽቦው ውፍረት ለራሱ አራት ጊዜ ይባዛል፣ ስለዚህ ትንሿ ልዩነት ብዙ ናት። 12 ሚሊ ሽቦና 13 ሚሊ ሽቦ በዓይን አይለዩም፣ ጥቅሉና ስፋቱ እኩል ከሆነ ግን ባለ 13ቱ 38 በመቶ ይጠነክራል። የሚሠሩት ጥቅሎች ሲያንሱም ይጠነክራል፦ ከ5 ተኩል አንዱን ብትቆርጡ 22 በመቶ። በጥቅሎቹ መሐል የሚሰካው ጎማም ያው ነው፣ ጥቅል ስለሚያስር ሞላውን ያጠነክራል። ከላይ የሚደረግ ማንሻ ግን ሞላውን አያጠነክርም፣ ከፍታውን ብቻ ነው የሚቀይረው። እሱን 7ኛው ላይ እንመለስበታለን።

6. አስሉ

የቀድሞውን መውረድ ለአዲሱ አካፍሉ፦ 40 ሲካፈል ለ30፣ 1.33። ሞላው በ33 በመቶ ጠንክሯል ማለት ነው። ስልካችሁ ላይ √ ን ንኩ፣ 1.155 ይላል። ስለዚህ ከቀድሞው ጤነኛ አሞርዛተር 15 በመቶ ያህል የሚጠነክር ነው የምትፈልጉት።

ባሌስትራውን ያስጨመራችሁት ሁልጊዜ ክብደት ስለምትሸከሙ ከሆነ፣ ማለትም የጭነት ሳጥን ሽፋን፣ ፖርቶባጋሊ፣ ታንከር ምናምን ካለ፣ ክብደቱም በሒሳቡ ይግባ። የኋላ አክስሉን ብቻ ሚዛን ላይ አውጡት። በፊት 850 ኪሎ ከነበረና አሁን 1,050 ከሆነ፣ ከሁለቱም ላይ ለአክስሉና ለጎማው 150 ኪሎ ገደማ ቀንሱ፣ ምክንያቱም እነዚያን ሞላው አይሸከማቸውም። 900 ለ700፣ 1.29። ይህን በ1.33 አባዙና ስኩዌር ሩት አውጡለት፦ 1.31። አሁን ጭማሪው 31 በመቶ ሆነ። ልዩነቱን አያችሁ? ባዶ ለሚነዳና ሁሌ ለጫነ መኪና አንድ ዓይነት አሞርዛተር አይመከርም።

አንዳንድ ቀን ባዶ፣ አንዳንድ ቀን ሙሉ የምትሆኑ ከሆነ በመሐል ያለውን ልክ ውሰዱ፣ ወይም የሚስተካከል አሞርዛተር ግዙ። ሌላ ብልሃት የለውም።

ጭማሪው ከ5 በመቶ በታች ከመጣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። አዲስ የፋብሪካ ልክ ይበቃል።

7. አሞርዛተሩን ምረጡ፣ መጀመሪያ በርዝመት ከዚያ በጉልበት

ርዝመት የሚረሳ ነገር ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ከላይኛው ማሰሪያ እስከ ታችኛው ለኩ። ከዚያ የመጨረሻው መግቻ ጎማ (አክስሉ እስከ መጨረሻ ሲወጣ ምቱን የሚቀበለው) በደንብ ሲጨፈለቅ የሚኖረውን ርቀት ለኩ። አሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ከዚህ ከሁለተኛው ቢያንስ 20 ሚሊ ማጠር አለበት፣ አለዚያ ምቱን የሚቀበለው መግቻው ሳይሆን አሞርዛተሩ ይሆናል። ማንሻ ያደረገ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ያጋጥመዋል፦ አሞርዛተሩ ያጥራል፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ዘንጉ መጨረሻው ላይ ደርሶ "ቋ" ይላል። ያ ድምፅ ካለ ጥንካሬ ብትቀይሩ አይጠፋም።

ጉልበቱስ? ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ "ይኼ ጠንካራ ነው" ከማለት ያለፈ መልስ እምብዛም አታገኙም። ስለዚህ የምትይዙት ነገር ይኑራችሁ። ከአሞርዛተር አምራቾች ካያባ ለምሳሌ ኤክሰል ጂ የሚለው የፋብሪካውን ልክ የሚመልስ ነው፣ ጋዝ ኤ ጀስት የሚለው ደግሞ ባለ አንድ ቱቦ ሆኖ ጠበቅ ያለ ነው። ቢልስታይን ላይ እንደ 360/80 ያለ ጽሑፍ ካያችሁ፣ ዘንጉ በሰከንድ 0.52 ሜትር ሲሄድ ሲዘረጋ 3,600 ሲጨመቅ 800 ኒውተን ይይዛል ማለት ነው፤ ሁለት አሞርዛተር በቁጥር ለማወዳደር ይህ ይጠቅማል። ራንቾ 9000 በእጅ የሚዞር ባለ 9 ደረጃ ነው፣ ጭነቱ ለሚለዋወጥ ፒክአፕ ይመቻል። ውጭ አገር ያላችሁና ሞላና አሞርዛተር በአንድ ላይ ማዘዝ የምትችሉ፣ በሚሸከሙት ኪሎ ተለይተው የሚሸጡትን ስብስቦች ውሰዱ። ሒሳቡ ተሠርቶላችኋል።

በመዘርጋትና በመጨመቅ መሐል ያለውን ልዩነት እወቁት። አብዛኛው አሞርዛተር ሲዘረጋ ከሚጨመቅበት ሁለት ሦስት እጥፍ ይይዛል። ምክንያቱም ሞላው የሚገፋው ወደ መዘርጋት ነው፣ መጨመቂያው ከጠነከረ ግን የድንጋዩ ምት በቀጥታ ወደ ወንበራችሁ ይመጣል። ሞላ ስላጠነከራችሁ መጨመር ያለበት በዋናነት የመዘርጊያው ነው።

8. ግጠሙ

ሁልጊዜ በጥንድ፣ ግራና ቀኝ። ባለ ሁለት ቱቦ አሞርዛተር ከካርቶኑ ሲወጣ ውስጡ አየር ቦታ ስቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ ገልብጣችሁ ጨምቁት፣ እንደገና አቅንታችሁ ዘርጉት። መንገዱ ሁሉ እኩል እስኪከብድ ድገሙ። ይህን ካለፋችሁ መጀመሪያ ላይ ባዶ ባዶ ይላል።

ጎሚኒ ያለባቸውን ቡሎኖች መጀመሪያ በእጅ ብቻ ያዙ። መኪናው ጎማው ላይ ቆሞ ክብደቱን ሲሸከም ነው ማጥበቅ ያለባችሁ። ተንጠልጥሎ ካጠበቃችሁት ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ሳይቆይ ይቀደዳል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ቡሎኖች በመስቀል ቅደም ተከተል አጥብቁ፣ ከጥቂት መቶ ኪሎሜትር በኋላም ድገሟቸው፤ አዲሱ ባሌስትራ ሲቀመጥ ይላላሉ።

የአሞርዛተሩን ማሰሪያ ወደ ሌላ ቦታ አታዛውሩ። ከቀጥታው 30 ዲግሪ ቢያዘነብል ጎማው ላይ የሚደርሰው የማርገብ ጉልበት በሩብ ይቀንሳል፣ ያሰላችሁት ሁሉ ገደል ይገባል።

9. ነድታችሁ አስተካክሉ

4ኛውን ቪዲዮ ድገሙ። ከመቆሚያው በላይ የሚያልፈው ከቀድሞው ጤነኛ ልክ ጋር ከተቀራረበ ደርሳችኋል። ከዚያ መንገድ፣ ያው መንገድ በያው ፍጥነት። የፍጥነት መቀነሻ ያለበት፣ ቀጥሎ ኮብልስቶን፣ ቀጥሎ ኮሮኮንች ካገኛችሁ ሦስቱም ሌላ ሌላ ነገር ይነግሯችኋል።

- ፍጥነት መቀነሻውን ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስቴ የሚነጥር ከሆነ፦ መዘርጊያው ላልቷል።
- ኮብልስቶን ላይ ያንገጫግጫል፣ ግን አይነጥርም፦ መጨመቂያው በዝቷል። ከዚያ በፊት የጎማውን ንፋስ አረጋግጡ።
- ኮሮኮንች ላይ ሲቆይ የኋላው እያደር ዝቅ ዝቅ የሚል ከሆነና መግቻውን መምታት ከጀመረ፦ መዘርጊያው በዝቷል። ጎማው ከአንዱ ጉብታ ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል። ብዙዎች "ሞላው ደክሟል" ብለው ሌላ ባሌስትራ የሚጨምሩት እዚህ ላይ ነው፣ ችግሩም ይብሳል።
- ኮሮኮንች ኩርባ ላይ ጭራው ወደ ውጭ የሚሸሽ ከሆነ፦ ጎማው መሬት እየለቀቀ ነው። ሞላው ወይም አሞርዛተሩ ከልክ በላይ ጠንክሯል። ፍጥነት ቀንሱ፣ በዚህ ሁኔታ አትሞክሩት።

የሚስተካከል ከሆነ በአንድ ጊዜ አንድ ደረጃ ብቻ፣ ግራና ቀኝ እኩል።

10. የተነካካውን ሁሉ አስተካክሉ

የኋላው ከፍ ሲል ብዙ ፒክአፖች ላይ ከአክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘው የፍሬን ቫልቭ "መኪናው ባዶ ነው" ብሎ ይረዳል፣ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ጭናችሁ ስትሄዱ ፍሬኑ ሳይበቃ የሚቀርበት ምክንያት ይህ ነው። ዘንጉን በመኪናው መመሪያ ልክ አስተካክሉ። የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ ሽቦ ጎማው ሲንጠለጠል እንዳይወጠር እዩ። የፊት መብራቱን ዝቅታ መልሱ። የፊቱን ነክታችሁ ከሆነ አላይመንት አሠሩ።

የሚበዙት ስህተቶች

አንዱን ብቻ መቀየር። ያፈሰሰው የግራው ነው ብሎ ግራውን ብቻ፤ መኪናው ፍሬን ሲይዝና ሲዞር ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።

አሞርዛተሩን በጥንካሬው ተጠቅሞ መኪና ከፍ ለማድረግ መሞከር። የጋዙ ግፊት ጥቂት ሚሊሜትር ሊያነሳ ይችላል፣ ግን ሸክም አይሸከምም።

ያረጀውን አስቆርጦ ወፈር ያለ ዘይት ማስሞላት። ወፍራም ዘይት ቀስ ብሎ ሲሄድም በፍጥነት ሲመታም ያጠነክራል፣ መዘርጊያውን ከመጨመቂያው አይለይም፣ የነበረው ጋዝም ሄዷል። ርካሽ ነው፣ ግን ከላይ የሠራነውን ሒሳብ አያውቅም።

የባሌስትራውን ዝገት ትቶ አሞርዛተሩን መወንጀል። ቅጠሎቹ ተጣብቀው ከሆነ በመጀመሪያ ፈታችሁ አጽዱና ግራሶ ቅቡ፣ ከዚያ 2ኛው ደረጃ ላይ እንደገና ጀምሩ።